ይድረስ ለሐዘንተኛው ፓርቲ

ይድረስ ለእንግሊዝ አገር ወግ አጥባቂ ፓርቲ፣ የሰሜን ሽሮፕሸር ቅርንጫፍ፤ ካላችሁበት።

ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከእናንተ ሐዘን በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ለቅሶ ዘግይቶ መድረስ ነውር መሆኑ አይጠፋኝም። ነገር ግን አገሩ ሩቅ ነው፤ መርዶውም ሲነገረኝ ማመን አቅቶኝ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። ከ1906 ጀምሮ (ቀኑን ሁሉ በእናንተ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከእጃችሁ ወጥቶ የማያውቅ የፓርላማ ወንበር፣ ዲሴምበር 16 ቀን 2021 በተደረገ የማሟያ ምርጫ በአንድ ሌሊት ተወሰደ አሉኝ። «ማን ወሰደው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ሕዝቡ» አሉኝ። «እሱማ ገብቶኛል፤ ከሕዝቡ ጀርባ ያለው ማን ነው?» አልኩ። «ከጀርባውማ ተራውን የሚጠብቅ ሌላ መራጭ ነበር» አሉኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል?

ራሴን ላስተዋውቅ። ጡረታ የወጣሁ የምርጫ አስተባባሪ ነኝ። የሠራሁበትን አገር አልጠቅስም፤ ስም የሚጠራ ሰው ስሙ ይጠራል። ብቻ በእኔ ዘመን አንድ ጊዜ ሁለት ወንበር አምልጦን፣ «ሁለቱ እንዴት ሊያመልጡ ቻሉ?» በሚል አጀንዳ ረጅም ግምገማ ተቀመጥን፤ በሚቀጥለው ዙር ሁለቱም ገቡ። ስለዚህ እናንተን ለመምከር ልምዱ አለኝ። ምክሬም በነፃ ነው። ይህን የምለው ስለ ምክር ዋጋ በእናንተ ቤት የተነሣውን ጭቅጭቅ ስለማውቅ ነው።

ጭቅጭቁን ላልሰማ ለቀስተኛ ባጭሩ ልተርከው። ወንበሩ ላይ ከ1997 ጀምሮ የተቀመጡት ኦወን ፓተርሰን ነበሩ፤ ሚኒስትርም ሆነው ሠርተዋል። ከሚኒስትርነት ከወረዱ በኋላ ራንዶክስ ለሚባል የሕክምና ምርመራ ኩባንያና ለአንድ የሥጋ ማቀነባበሪያ ድርጅት አማካሪ ሆነው፣ በዓመት ከ100,000 ፓውንድ በላይ ይከፈላቸው ነበር። የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ በኦክቶበር 2021፣ ሰውዬው ለከፋዮቻቸው ሲሉ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶችን ደጋግመው ወትውተዋል፣ ደንብም ጥሰዋል ብሎ ለ30 የስብሰባ ቀናት ይታገዱ አለ። እሳቸው ጥፋት የለብኝም አሉ። እውነት ለመናገር ለእኔም ጥፋቱ አልታየኝም። ሱቅ የተቀመጠ ሰው ሸቀጥ ይሸጣል፤ ምክር ቤት የተቀመጠ ሰው ታዲያ ምን እንዲሸጥ ተፈልጎ ነው?

ከዚህ በኋላ ያደረጋችሁትን ግን ባለሙያ አያደርገውም። ኖቬምበር 3 ቀን መንግሥት ለአባላቱ ከሥሩ ሦስት ጊዜ የተሰመረበት ትእዛዝ ላከ። በእናንተ ቤት ሦስት መስመር ማለት «ሳትቀር ና፤ እንደታዘዝከው ድምፅ ስጥ» ማለት ነው አሉ። (እኛ ጋ መስመር አያስፈልግም፤ የሚሰመረው ለሚጠራጠር ነው።) ሐሳቡ የፓተርሰንን እገዳ አዘግይቶ ደንቡን ራሱን እንደገና መመርመር የሚል ነበር፤ 250 ለ232 አለፈ። ሰው ደንብ ጥሶ ሲገኝ ደንቡን መክሰስ የቆየ ጥበብ ነው፤ ወሬውን ስሰማ በልቤ አመስግኛችሁ ነበር። በማግስቱ ጋዜጣው ጮኸ ብላችሁ ሻራችሁት። ሊታዘዙ ብለው ያፈሩት አባሎቻችሁ ሐፍረታቸውን ታቅፈው ቀሩ፤ ፓተርሰንም በዚያው ቀን በቃኝ አሉ።

«በቃኝ» ማለትም በእናንተ አገር ቀላል አይደለም። ከ1624 ጀምሮ የታችኛው ምክር ቤት አባል በገዛ ፈቃዱ መልቀቅ አይችልም። መውጣት የፈለገ ሰው ሹመት ይለምናል፤ የአንድ ጥንታዊ ርስት ጠባቂ ያደርጉታል፤ ሥራ የሌለው፣ ጥቅም የሌለው ሹመት ነው። እንዲህ ያለ የዘውድ ሹመት የያዘ ሰው ደግሞ በምክር ቤቱ መቀመጥ ስለማይፈቀድለት፣ በተሾመበት ቅጽበት ከወንበሩ ይነሣል። ሰውን በሹመት ማሰናበት! ይህን ሳነብ ለካ ዘመዳሞች ነን አልኩ። እኛም ጋ «አምባሳደር ሆነው ተሾሙ» ሲባል እንኳን ደስ ያለዎት የሚለው የዋህ ሰው ብቻ ነው።

ወንበሩ ባዶ ሆነ። አገሩ ግን የእናንተው ነበር፤ ኦስዌስትሪ፣ ኤልዝሚር፣ ዌም፣ ማርኬት ድሬይተን፤ ከዌልስ ድንበር የተጠጋ፣ በግና የወተት ላም የሞላበት ገጠር። ዊትቸርችም የማማ ሰዓት በመሥራት የታወቀች ከተማ ናት፤ ሰዓቱ መድረሱን የሚነግራችሁ አላጣችሁም ለማለት ነው። በ1904 ሊበራሎች በማሟያ ምርጫ አንድ ጊዜ ነጥቀዋችሁ፣ በ1906 አስመልሳችሁ፣ ከዚያ ወዲህ የነካባችሁ የለም። በ2019 በ22,949 ድምፅ በልጣችሁ ነው የገባችሁት። እንዲህ ባለ ወረዳ የፓርቲያችሁ ሰማያዊ ሪባን የታሰረለት አህያም ያልፋል የሚል አባባል አላችሁ አሉ። ድምፁም አይቆጠርም፣ ይመዘናል ይባላል። ያን የመሰለ ሚዛን ምን ነክቷችሁ ጣላችሁት? ስለ አህያው አስተያየት የለኝም፤ እኛ ጋ ሪባንም አያስፈልገው።

ሊበራል ዴሞክራቶቹ በ2019 ሦስተኛ ነበሩ፤ ከመቶ አሥር። ዕጩአቸው ሄለን ሞርጋን የሚባሉ የሂሳብ ባለሙያ ነበሩ፤ በ2021ም ያቀረቧቸው እሳቸውኑ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሴትዮዋ የት ሲገቡ፣ የት ሲወጡ፣ ከማን ጋር ሻይ ሲጠጡ እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ አላችሁ? እንደሌላችሁ አውቃለሁ። እናንተ ደግሞ ከበርሚንግሃም ጠበቃ አመጣችሁ፤ ቀድሞ በሠራዊቱ ሐኪም የነበሩ፣ ጨዋ ሰው። ገጠሬው ግን «የእኛ ሰው አይደሉም» እያለ አጉረመረመ። ዕጩ የሚላከው ለሕዝቡ ሊተዋወቅ እንጂ ሊመረጥ አይደለም ብሎ ያስረዳው ሰው ባለመኖሩ ነው።

ከዚያ የዕጩው ብዛት! አሥራ አራት። 500 ፓውንድ ያስያዘ ሁሉ ይገባል፤ ከመቶ አምስት ድምፅ ካላገኘ ገንዘቡ ይቀራል እንጂ ሌላ የሚቀርበት ነገር የለም። አንደኛው ድርጅት ስሙን ራሱ በግልጽ የወፈፌዎች ፓርቲ ብሎ ያስመዘገበ ነው፤ በብዙ የማሟያ ምርጫ ይቆማል፤ ሰው ስቆ ያልፈዋል። እኛ እንዲህ ያለውን ሰው ለብቻው ፓርቲ እንዲያቋቁም አንተወውም፤ አቅፈነው እንሠራለን።

እሺ፣ የቅስቀሳው ወሬስ ምን ነበር? የአገር ክብር? ታሪካዊ ጠላት? አምቡላንስ! በኦስዌስትሪና በማርኬት ድሬይተን የነበሩት የአምቡላንስ ጣቢያዎች በዚያው መከር ተዘግተው ነበርና፣ በየቤቱ የሚወራው ወለል ላይ ወድቆ ሰዓታት ስለጠበቀ ሽማግሌ ነበር። የሐኪም ቀጠሮ አይገኝም ይላሉ። ገበሬው ከአውስትራሊያ ጋር የተደረሰው የንግድ ስምምነት የሩቅ አገር በግና በሬ ያጎርፍብናል ብሎ ይሠጋል። ተቃዋሚዎቹ በር እያንኳኩ ሕዝቡ የነገራቸውን ያንኑ መልሰው ለሕዝቡ ነገሩት። ይህም ቅስቀሳ ሆነና ሠራላቸው! ሕዝቡ የሚያወራውን ለሕዝቡ መንገር ምን አዲስ ነገር አለው? እኛ የምንነግረው ሕዝቡ ጨርሶ ያልሰማውን ነው።

ለቅሶ ቤት አልቃሽ አይጠፋም። አንዲት የማርኬት ድሬይተን ባልቴት ደረቷን እየደቃች እንዲህ ብትል አይገርመኝም፦

ሌሊቱን ስጣራ አምቡላንስ ነይ ብዬ፣
ድምፄ አለቀብኝ ምን ልስጥህ ጌታዬ?

አስተዋይ ካድሬ ቢኖራችሁ ወዲያው ማርና ዝንጅብል ይልክላት ነበር። ግጥሙ ስለ ጉሮሮ ሕመም ነው። ሌላ ነገር የሚታየው ሰው ካለ ያየበትን መነጽር ይዞ ይቅረብ።

አሁን ወደ ድግሱ ልምጣ። በዲሴምበር 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሰው እንዳይሰበሰብ ተከልክሎ ነበር፤ ቀብር እንኳ ከሠላሳ ሰው በላይ እንዳይቆምበት። እኔ ከሠላሳ ሰው ጋር የሚቀበር ዘመድ ማሰብ ያቅተኛል፤ እድር ከነድንኳኑ የት ሊደርስ ነው? በዚያው ወር በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት፣ በዳውኒንግ ስትሪት 10 ቁጥር፣ የገና ድግስ ነበር የሚል ወሬ ምርጫው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ፈነዳ። ቦሪስ ጆንሰን ደንቡ ተጠብቋል አሉ። ዲሴምበር 7 ቀን ደግሞ የያኔዋ ቃል አቀባይ ስለዚያ ድግስ ብጠየቅ ምን ልመልስ እያሉ፣ ስለ አይብና ወይን እየቀለዱ ሲለማመዱ የተቀረጹት ቪዲዮ በቴሌቪዥን ታየ፤ የሥራ ስብሰባ ነበር ለማለትም ሞክረው ሳቅ ቀደማቸው። በማግስቱ እያለቀሱ ለቀቁ።

ይህ ሁሉ ልቅሶ ለምን? ወይን የቀረበበት ስብሰባ «የልምድ ልውውጥ» ይባላል፤ አበልም አለው። ድግሶቹን እንዲመረምሩ የተመደቡት የካቢኔ ጸሐፊው ሳይመን ኬዝ ነበሩ፤ በእሳቸውም ቢሮ ድግስ ነበር የሚል ነገር ሲመጣ ዲሴምበር 17 ቀን፣ ማለትም የምርጫው ውጤት በተነገረበት ዕለት፣ ምርመራውን ተዉት። አዘንኩ። የነገሩን አካሄድ ከውስጥ የሚያውቅ መርማሪ በእጃችሁ ገብቶ እንዲህ ይለቀቃል?

ወደ ምርጫው ቀን እንመለስ። ሰው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይገባል፤ ውሻውን አስከትሎ የሚመጣም አለ። ውስጥ በገመድ የታሰረ እርሳስ ያገኛል። እስከገባኝ ድረስ በዚያ ቀን የታሰረው እርሳሱ ብቻ ነው። አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀት ሰምተው አያውቁም፤ አሠራራቸው አንድ ለአንድ ነው፤ ሰውዬውና እርሳሱ። በ2019 ሁለተኛ የነበረው የሌበር ፓርቲ ደጋፊ ማንም ሳይጠራው፣ ሰርኩላር ሳይደርሰው፣ እናንተን ለመጣል ሲል ብቻ ወደ ሊበራል ዴሞክራቶቹ ጎረፈ፤ የሌበር ድምፅ ከመቶ ከአሥር በታች ወረደ። ሺህ ሰው በየጓዳው ሆኖ አንድ ሐሳብ ሲያስብ እኮ ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው! ፖሊስ የት ነበር?

ቆጠራው በሽሩስበሪ አንድ የስፖርት ማዕከል ሌሊቱን ሙሉ ሆነ። የየፓርቲው ሰው ቆሞ ጠረጴዛውን ያያል። ውጤቱን ሳያውቁ ቆጠራ መጀመር ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የማያውቅ አይፍረድባቸው። ሊነጋጋ ሲል ተነገረ፤ 17,957 ለ12,032። የመጣው መራጭ 46.3 በመቶ ነበር፤ ቤቱ ከቀረው ውስጥ ስንቱ የእናንተ ወዳጅ እንደነበር እናንተው ታውቁታላችሁ። እኛ ጋ የቀረም ሰው አይቀርም። ሞርጋን መድረክ ላይ ወጥተው፣ ቦሪስ ጆንሰን ሆይ፣ ፓርቲው አበቃ አሉ። አዳራሹ ለምን በጭብጨባ እንደተናወጠ አልገባኝም፤ ምሽት ሲገፋ ድግስ ያበቃል፣ እንግዳም ኮቱን ያነሣል። አልቃሿም ይህንኑ ነው የተቀበለችው፦

የመቶ ዓመት ድግስ ቢቀዳ ቢጠጣ፣
ፓርቲው ማታ አበቃ እንግዳው ሳይወጣ።

በማግስቱ ጆንሰን ፍርዱን በትሕትና እቀበላለሁ ካሉ በኋላ፣ ሰው የሚሰማው የፖለቲከኞች ወሬ ብቻ ሆነ ብለው አማረሩ። ይህ ደህና ነው፤ ጥፋተኛው ወሬ አቀባዩ ነው ማለት ነውና። የፓርቲያችሁ ሊቀ መንበር ኦሊቨር ዳውደን ግን መራጩ ሰልችቶት ረገጠን አሉ። በአደባባይ! እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ይህን ቃል ከሕዝብ አፍ እንጂ ከፓርቲ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

የአንዱ አርባ ሳይወጣ ሌላው ተከተለ ልል ነበር፤ ለካ ስድስት ወር አልፎታል። ጁን 23 ቀን 2022 በዴቨን፣ ቲቨርተንና ሆኒተን በሚባል ወረዳ፣ 24,239 ድምፅ የበለጣችሁበት ወንበር በ6,144 ድምፅ ልዩነት ለሊበራል ዴሞክራቱ ለሪቻርድ ፉርድ ገባ። የቀድሞው ተመራጭ ኒል ፓሪሽ ገበሬ ናቸው። ምክር ቤት ተቀምጠው በስልካቸው ትራክተር ሲፈልጉ ሳያስቡት የብልግና ፊልም ላይ ወደቁ፤ በሌላ ጊዜ ግን አስበውበት ከፈቱት። ይህን ራሳቸው ተናግረው፣ ይቅርታ ጠይቀው ለቀቁ። አልፈርድባቸውም፤ ትራክተር ነው፣ ፈር ለቀቀ።

ዳውደን በዚያው ንጋት ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ አንድ ሰው ኃላፊነት መውሰድ አለበት አሉ። ኃላፊነት የሚወሰደው ሲሾሙ ይመስለኝ ነበር። ጆንሰን ያን ሰሞን ለኮመንዌልዝ ስብሰባ ኪጋሊ ነበሩ፤ ጁላይ 7 ቀን እሳቸውም እንደሚለቁ ተናገሩ። በ2024 ጠቅላላ ምርጫ ጭራሽ 121 ወንበር ይዛችሁ ቀራችሁ። ከሐዘኑ መሀል አንድ መጽናኛ ባገኝ፣ በሰሜን ሽሮፕሸር የተሸነፉት ጠበቃ በዚያው ዓመት በሶሊሃል በኩል ቆመው ፓርላማ መግባታቸው ነው። የተሸነፈ ሰው እንደገና ወጥቶ ሲወዳደር ማየት ለእኔ እንግዳ ነገር ነው፤ እንኳን ለዚህ አበቃቸው።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ የእናንተ ጉዳይ ባይሆንም ከእናንተ በቀር የምጠይቀው የለኝም። እኒያ ያሸነፏችሁ ሴት፣ ወይዘሮ ሞርጋን፣ እንዴት ሆኑ? ሳጠያይቅ፣ ከምርጫው በኋላ ወደ ለንደን ሄዱ አሉኝ። እዚያም ቃላቸውን ሰጡ ተባልኩ። «ከዚያስ?» ስል «ከዚያማ ገቡ» አሉኝ። ዓመት አልፎ ዓመት ተተክቶ በ2024 ብጠይቅ «አሁንም ውስጥ ናቸው፤ እንዲያውም ተራዘመላቸው» ነው መልሱ። ከሽሮፕሸር ለንደን ደግሞ ለእግረኛ የሚቀመስ መንገድ አይደለም። ቤተሰብ በስንት ቀን ይገናኛቸዋል? ስንቁንስ ማን ያመላልስላቸዋል?